የደሴቶቹ ስም

ሰኞ ጠዋት በሽምብጥ፣ ከክሊኒኩ ደጃፍ፣
ወረፋው ወርዶ ደርሷል እስከ ሐይቁ ጫፍ፤
እንጉዳይ የካርድ ክፍሉን መስኮት ከፍታ
«ደቅ ጠፋ» አለችኝ፣ ሳትል ሰላምታ።
ለአፍታ ደነገጥኩ እንደ ታንኳ ሰው፤
ደሴት እንዴት ይጠፋል? ማንስ ወሰደው?

ደቅ ማሽን ነው፣ የታካሚው መዝገብ ያለበት፣
ከደረጃው ሥር፣ ማራገቢያው የሚያቃስትበት።
ከእኔ በፊት የነበረው የዱርቤቴው ልጅ
«ቁጥር ለእስረኛ ነው» ባይ፣ «ለማሽን አይበጅ»፣
ሁሉን በየደሴቱ ሰይሞት ነበር፦
ራጁን ዳጋ፣ ላቦራቶሪውን ክብራን፣
እንጦስን የመድኃኒት መደብር።
ስማቸው ይባላል።
ስማቸውን ሁሉ ስማቸው ሰጥቷቸው ሄደ።

ወረድኩ ወደ ደረጃው። መብራቱ ይበራል፣
ማራገቢያው ያቃስታል፣ ኬብሉ ተሰክቷል።
በቁጥሩ ጠራሁት፦ አሥር፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አሥራ ሁለት፤
በሁለት ሚሊ ሰከንድ መለሰልኝ፦ አቤት!
በስሙ ጠራሁት።
ዝም።
ሰውየው ቤቱ አለ፤ ስሙን የሚያውቅ የለም።

ለእንጉዳይ ላስረዳት ሞከርኩ፣ ወረፋው እየተንጫጫ፦
የማሽን ስም እንደኛው ነው፣ ልጅ ይቀድማል፣
ነጥብ፣ አባት፣ ነጥብ፣ አያት ይከተላል፤
ሲፈለግ ግን ከአያት ይጀመራል።
መዝገብ ነጥብ ደቅ ነጥብ ሽምብጥ፤
አያቱን ያላወቀ ስለ ልጁ ምን መልስ ይስጥ?
«እሺ፣ አያቱን ማን ያውቃል?» አለች።
እሱን ነው እኔም የምፈልገው።

ለካ ቅዳሜ አሮጌው ራውተር በመብረቅ ሞቶ
ዘበኛው ጋሽ ባይለየኝ ሌላ ሰክቷል ከሱቅ አምጥቶ።
አሮጌው ደብተር ነበረው፣ የሰፈሩን ስም የሚያውቅ፤
አዲሱ እንግዳ ነው፣ ሁሉን ከሩቅ የሚጠይቅ።
«ደቅ የት ነው?» ሲሉት፣ ደቅ ከእግሩ ሥር ሳለ፣
ጥያቄውን ተሸክሞ ባሕር ማዶ ዋለ፤
ማዶም ዓለምን የመዘገበው
«እንዲህ የሚባል የለም» ብሎ መለሰው።

አልዋሸም።
እዚህስ ቢሆን ቤት የሚገኘው በሰው አፍ አይደል?
ከወፍጮው ጀርባ፣ ቅጠሏ ከረገፈው ዋርካ አለፍ ብሎ፣
«የነ አገሬ ግቢ» ሲሉት ባጃጁ ይደርሳል፤
በሩ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፣ ማን አንብቦት ያውቃል?

የስማቸውን ደብተር ከመጠባበቂያው አወጣሁ፣
ስሞቹን አንድ በአንድ ለአዲሱ አስጠናሁ።
ጠራሁ። አሁንም የለም!
ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ ነገሩ እስኪገባኝ፦
የእንጉዳይ ኮምፒውተር የጠዋቱን «የለም» ይዞ
ዳግመኛ አልጠየቀም፣ በሰማው ወሬ ተይዞ።
እርሳ አልኩት።
ረሳ። ያኔ እንደ አዲስ ጠየቀ፤
የመጀመሪያው ስም ከመስኮቱ ዘለቀ፦
«ጥሩሰው አላምረው!»
«አቤት!» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ በትራቸውን ሲያነሱ።
ልጅ ቀድሞ፣ አባት ተከትሎ፣
ነጥቡ የእንጉዳይ ትንፋሽ።

ማታ ደብተሩን ሳጸዳ፣ ከመጨረሻው መስመር
ደሴት ያልሆነ አንድ ስም ሰፍሮ ነበር፦
ያለምወርቅ፣ ሰባ ሰባት።
ሰባ ሰባትን ጠራሁ። ማንም።
ኬብሎቹን ተከተልኩ እስከ ጣራው ሥር። ማንም።
እንጉዳይን ጠየቅኳት። ቁልፏን ከመሳቢያ አነሳች፣
«እሱን ስማቸውን ጠይቀው» አለችና ወጣች።
የስማቸው ስልክ ቁጥር አለኝ።
አይነሳም።

ጣቴ ማጥፊያው ላይ ቆየ፤
ውጭ አንዲት ጀልባ ሞተሯን አጥፍታ ገባች።
ከስሙ ፊት አንድ ምልክት አስቀመጥሁ፣
የመስኮት ፍርግርግ የምትመስለውን፤
ማሽኑ መስመሩን ሲደርስበት ይዘለዋል፣
ከእኔ በኋላ የሚመጣው ግን
ያነበዋል።